ሦስተኛዋ እግር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአምፖሉ ልጀምር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት አንዲት አምፖል ለመግዛት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የትኛው ወንዝ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ አምፖል ለመቀየር ግን ወንበሩ ላይ ከመውጣቴ በፊት ሁለት ጊዜ እጸልያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው፣ ከዚህ በታች ስለ ኤሌክትሪክ ደፍሬ የምናገረው ሁሉ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤቴ ግቢ የተገኘ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው።

የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ደጃፍ ስደርስ የጋሼ ተሳቢ ድምፅ መንገዱን ሞልቶታል። ጋሼ ተሳቢ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውስ የለም፤ አርባ ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው ስለነዱ ሰፈሩ ይህን ስም አወጣላቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። ጡረታ እንደወጡ አንድ ያረጀ ትንሽ አውቶቡስ ገዝተው፣ ወንበሮቹን ነቅለው፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ የእጅ መታጠቢያና የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ገጥመውለት የሚሄድ ቤት አደረጉት። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባቸው። ለምን እንደለፉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፦ እሳቸው አገር ላገር ሲዞሩ ባለቤታቸው አርባ ዓመት ቤት ጠብቀዋል፤ በመጡ ቁጥርም «ቆይ ብቻ፣ ጡረታ ልውጣ፤ ያየሁትን ሁሉ አሳይሻለሁ» ሲሏቸው ኖረዋል። የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሐይቁ ሆኖ ለመጪው ሐሙስ ቀን ተቆርጦለታል።

«ባለ ሁለት እግር ስፒና ስጠኝ ነው ያልኩህ!» ይላሉ ጋሼ ተሳቢ ባለሱቁን።

«ጋሼ፣ እሱ ለሬዲዮ ነው። ለመኪና ቤትዎ አልሸጥልዎትም» ይላል ባለሱቁ።

ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። «መምህር! እንኳን መጡ። ይፍረዱን እስቲ!»

ፍርዱን ሸሸሁና ስለ ሐሙስ ጠየቅኋቸው። ያ ሱቁን ያናወጠ ድምፅ ወዲያው ወረደ።

«ሐሙስማ ቀረ። ሴትዮዋ አልሄድም አለች።»

«ምነው፣ አመማቸው?»

«ምን ያማታል! ‹መኪናህ ትነክሰኛለች› ነው የምትለኝ። የመኪናውን በር ስትይዝ ይነክሳታል አሉ። ሰባት ጊዜ ፊቷ ይዤ አሳየኋት፤ ምንም የለም። ‹ነርቭ ነው፣ እርጅና ነው› ብላት ጭራሽ አኮረፈች። ሁለት ሳምንት ሆናት።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እውነቱን ልንገርዎ መምህር? በሩ ሰበብ ነው። አርባ ዓመት ብቻዋን ለመደች። አሁን ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መክረሙ ጭንቅ ብሏት ይሆናል።»

አሳዘኑኝ። ከመኪና በቀር ሌላ ነገር አስጨንቋቸው አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ከኋላዬ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ እትዬ በሩን የሚይዙት ምን ተጫምተው ነው?»

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ልጅ ናት። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆና የመሣሪያ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ተራዋን ትጠብቃለች። ተማሪዬ ነበረች፤ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ እኔ መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር። እኔም «እሱን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» እያልኩ አመለጥኳት።

«ደግሞ ጫማና በር ምን አገናኘው?» አሏት ጋሼ ተሳቢ።

«እስቲ ይመልሱልኝ።»

«በባዶ እግሯ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ግቢውን ታጥባለች፣ ከዚያ መጋረጃ አስተካክላለሁ ብላ ወደ መኪናው ትሄዳለች።»

«እርስዎስ?»

ጋሼ ተሳቢ እግራቸውን አነሡ። ሶሉ ሁለት ጣት የሚወፍር፣ ጎማ የሆነ የሾፌር ቦት ጫማ ነው። ከእንቅልፍ በቀር የሚለያቸው ነገር የለም።

ልጅቷ ጋሼ ተሳቢ ለናሙና አምጥተው ባንኮኒው ላይ ያኖሩትን አዳፕተር አነሣች። አንደኛው ጫፉ በመኪናው ጎን ከሚገባው ገመድ ጋር የሚገጥም ሰማያዊና ክብ ነው፤ ሌላኛው ጫፉ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሰካ ተራ ስፒና ነው። ስፒናው ሦስት እግር ሊኖረው ሲገባ ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ የሦስተኛዋ ጉቶ ቀርቷል።

«ይህችን ማን ቆረጣት?»

«እኔ፣ በገዛ ፒንሳዬ! ኤክስቴንሽኔ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ እሷ አልገባም አለች። የእኛ የሾፌሮች ሕግ አንድ ነው፦ ያስቸገረህን ቁረጥ፣ የላላውን እሰር፣ መንገድህን ቀጥል። ቆረጥኳት፤ መብራቱ በራ፣ ፍሪጁ ቀዘቀዘ። አሁን ይህች ትንሽ ስለላላች ሁለተኛዋንም ቆርጬ እቤት ሰክቻታለሁ፤ መጠባበቂያ ሌላ ልግዛ ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽም ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥ ነው የሚውለው፤ ማንም አልከሰሰውም!»

«አባቴ ለክቶ ነው የሚቆርጠው» አለች።

ባለሱቁ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ አልሸፈንኩም። ጋሼ ተሳቢም ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉና «ነይ እንግዲያው፣ ዐይተሽ አፍረሽ ትመለሻለሽ» ብለው ቀደሙን። አምፖል መግዛቱን ረስቼ ተከተልኳቸው።

ግቢው ገና መታጠቡ ነበር፤ ድንጋዩ ሁሉ ያብረቀርቃል። መኪና ቤቱ በጥግ ቆሟል፤ ነጭ ሆኖ በጎኑ አረንጓዴ መስመር አለው፣ መስኮቶቹ የልብስ ሰፊው የሰፋቸው መጋረጃዎች አሏቸው። ከወጥ ቤቱ መስኮት አንድ ኤክስቴንሽን ወጥቶ፣ ግማሹ እንደተጠቀለለ በመጠምጠሚያው ላይ ተቀምጧል፤ የቀረው እጥበቱ በተወው ኩሬ ላይ አልፎ፣ መገናኛው በፌስታል ተሸፍኖና በናስትሮ ታስሮ፣ ወደ መኪናው ጎን ይገባል። ይህን ሁሉ ጋሼ ተሳቢ በኩራት ነው ያሳዩን።

ባለቤታቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያደርቃሉ።

«ደግሞ ዳኛ ይዞ መጣ?» አሉ እኔን ዐይተው።

«እኔ ታዛቢ ነኝ፤ ዳኛዋ እሷ ናት» አልኩ።

ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «እትዬ፣ ስለ በሩ ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ሐኪም አያስፈልገኝም። በሩ ይነክሳል። ግቢው ሲደርቅ ዝም ይላል፣ እርጥብ ሲሆን ይነክሳል። ማታ ገመዱ ሲነቀል ዝም ይላል፣ ጠዋት ሲሰካ ይነክሳል። በጨርቅ ከያዝኩት አይነክሰኝም። እንግዲህ ይህ ነርቭ ከሆነ፣ ነርቬ ገመዱ መሰካቱን በምን ያውቃል?»

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ካጣሩማ የሥራዬን እኩሌታ ሠርተውልኛል።»

እኔ ያን ጊዜ በልቤ ያደነቅሁት ልጅቷን ብቻ አይደለም። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ አንዱን ነገር እየለወጡ ሌላውን እየያዙ ፈትነው እውነትን አግኝተዋል። እኛ የተማርን ነን ባዮች አብረን ሆነን «ነርቭ ነው» ብለናል። አዎ፣ እኔም ብያለሁ፤ ከሳምንት በፊት አጥሩ ጋ ቆመው ሲነግሩኝ «ሻይ ይቀንሱ» ብዬ መክሬያቸዋለሁ።

ልጅቷ ከኪሷ ቴስተር አወጣች፤ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሲነካ ውስጡ የሚበራ ቀጭን ካቻቢቴ ነው። ጫፉን የመኪናው በር እጀታ ላይ አስጠጋች። ቀይ መብራት በራ።

ጋሼ ተሳቢ ዝቅ ብለው ቀዩን መብራት አዩት፣ ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ፣ ተመልሰው መብራቱን አዩ።

«ታዲያ እኔን ለምን አልነከሰኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«ጫማዎ ጎማ ነው። መኪናውም በጎማ ነው የቆመው። ከአንዱ ዕቃ ያመለጠ ኤሌክትሪክ በመኪናው አካል ላይ ሁሉ ተቀምጧል፤ መሬት መውረድ ይፈልጋል፣ መንገድ ግን አጥቷል። እትዬ በባዶ እግራቸው እርጥብ መሬት ላይ ቆመው በሩን ሲይዙ መንገድ ሆኑለት። ያቺ የቆረጧት እግር ናት መንገዱ። ወደ መሬት የምትወስደው ሽቦ ከእሷ ነው የምትጀምረው።»

ይህን ብላ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ገመዱን ከቤቱ በኩል ነቀለችው። ጋሼ ተሳቢ ግን አርባ ዓመት ያነገሡትን ሕግ በአንድ ቀይ መብራት የሚያወርዱ ሰው አይደሉም።

«እሺ፣ ትንሽ ይነዝራል እንበል። ትንሽ ንዝረት ማንን ገደለ?»

«ዛሬ ትንሽ ነው፤ ነገ ያ ዕቃ ጨርሶ ሲበላሽ ትልቅ ይሆናል። የሚገድለውም በዚያው በር ነው።»

«ሁለቱ እግሮች ያበራሉ፤ እሱን አምናለሁ። ሦስተኛዋ ግን በየቀኑ ምን ትሠራለች? ንገሪኝ!»

«በየቀኑማ ምንም አትሠራም።»

«ሰሙ መምህር? ምንም!» አሉ እጃቸውን አጨብጭበው።

«ጋሼ፣ ሾፌር ሳሉ ትርፍ ስኮርታ ጎማ ይይዙ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው? ያለ ስኮርታ የሚወጣ ሾፌርማ እብድ ነው!»

«ስኮርታው በየቀኑ ምን ይሠራ ነበር?»

ጋሼ ተሳቢ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። በሰፈራችን ይህን ያየ ያን ቀን በዚያ ግቢ ከነበርነው በቀር የለም። ባለቤታቸው ከደረጃው ላይ «መልስላት እንጂ!» አሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለባላቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት።

ልጅቷ አልሳቀችባቸውም። ይህ ከዕውቀቷ ይልቅ የገረመኝ ነገር ነው። ወደ ሱቁ ተመልሳ፣ ሦስት ሽቦ ያለው ወፍራም ገመድና እግሯ ያልተቆረጠ አዳፕተር ይዛ መጣችና ጋሼ ተሳቢን እንደ ሥራ ባልደረባ ታስረዳቸው ጀመር።

«ይህ አዳፕተር አስታራቂ ነው፤ የመኪናውን ክብና የቤቱን ስፒና ያገናኛል። አስታራቂ ግን ጉልበት አይጨምርም። የወጥ ቤቱ ሶኬት የሚችለው ያው የበፊቱን ነው። ስለዚህ ምድጃውን፣ ማሞቂያውንና የሻይ ማፍያውን ባንድ ጊዜ አይለኩሱ። ገመዱን ደግሞ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ይፍቱት። እስቲ ይህን የተጠቀለለውን ይንኩት።»

ነኩት። «ይሞቃል። ፀሐይ መስሎኝ ነበር።»

«ፀሐይ አይደለም፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ከቆየ ይቀልጣል። አሁን ቅደም ተከተሉን ይያዙልኝ። በመጀመሪያ መኪናው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ። ከዚያ ገመዱን ከመኪናው ያገናኙ። የቤቱን ሶኬት መጨረሻ ላይ ይሰኩ። ሲነቅሉ…»

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ ጋሼ ተሳቢ። «ሲነቀል የኋላው ይቀድማል፤ ቤቱ መጀመሪያ፣ መኪናው መጨረሻ። አይደል? ታዲያ ይህማ ተሳቢ ማገናኘት ነው! ተሳቢ ሲያገናኙ መጀመሪያ እንዳይንሸራተት ታስሮ ይቆማል፣ ከዚያ መቆለፊያው ይገባል፣ የአየሩ ቱቦ ይከተላል። ሲፈታ ተገልብጦ ነው። ቅደም ተከተሉን የሳተ ረዳት እጁን ያጣል።»

«ከእርስዎ በተሻለ አላስረዳሁም» አለች።

የሽማግሌው ፊት ሲበራ አየሁ። ያላወቁትን ነገር ከሚያውቁት ጋር ያሰረላቸው ሰው አግኝተዋል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ይህን ስንት ጊዜ ሳትኩት!

በመጨረሻም በገመዱና በቤቱ መካከል አንዲት ትንሽ ሣጥን ገጠመች፤ ኤሌክትሪክ ከመንገዱ ሲወጣ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር አለባት። የወጥ ቤቱ ሶኬት የመሬት ሽቦ እንዳለው መረመረች፤ ግንበኛው ድሮ በሚገባ ዘርግቶታል። ሁሉን አገናኝታ ስታበራው ሣጥኗ «ጧ!» አለችና መብራቱ ጠፋ። ደግማ አበራች። «ጧ!»

ጋሼ ተሳቢ ያን ጊዜ የጨፈሩት አይረሳኝም። «ይኸው! የእኔ ሽቦ ሁለት ሳምንት ሠራ፤ የተማረው ሽቦ ሁለት ሴኮንድ አልቆመም!»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሽቦ ጥፋቱን ደብቆ ነው የሠራው። ይህኛው ተናገረ። አሁን ማን እንደሆነ እንጠይቀው።»

መኪናው ውስጥ ያለውን ሁሉ ነቅላ አንድ በአንድ ትሰካ ጀመር። መብራቱ ሲሰካ ሣጥኗ ዝም አለች። ፍሪጁ ሲሰካ ዝም አለች። ቦይለሩ ሲሰካ «ጧ!» ከፍታ አሳየችን፤ ጋሼ ተሳቢ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያመጡት ቦይለር ማሞቂያ ብረቱ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩን ውሃው ውስጥ ያፈስሳል። አውጥታ ውጭ አስቀመጠችው። ሁሉንም መልሳ ስታበራ ሣጥኗ ድምፅ አላሰማችም፤ ቴስተሩም በሩ ላይ ጨለማ ሆነ።

«አለቀ» አለች።

ጋሼ ተሳቢ ግን አላለቀላቸውም። ደረጃው ላይ ተቀመጡና የቦት ጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር። አንዱን አወለቁ፣ ሌላውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውን ጫማው ውስጥ ከተቱ። ነጭ፣ ፀሐይ ዐይቶት የማያውቅ እግር ነው። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ወጥተው የመኪናውን በር በሁለት እጃቸው ያዙ። ረጅም ጊዜ እንደያዙት ቆሙ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ እውነትሽን ነበር» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ባለቤታቸው ተነሡ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር።

«አርባ ዓመት ‹መንገዱ ተበላሽቶ ነው፣ ድልድዩ ተሰብሮ ነው› እያልከኝ ስትመጣ አንድ ቀን ዋሸህ ብዬህ አውቃለሁ? መንገዱን አላየሁትም፤ አንተ ስላልከኝ አመንኩ። እኔ ግን በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ እጄ፣ ‹በሩ ነከሰኝ› ብልህ አላመንከኝም።»

እኔም መሬት መሬት አየሁ፤ የሻዩ ምክሬ ትዝ አለኝ።

«ጥፋተኛ ነኝ» አሉ ጋሼ ተሳቢ። «ሽቦዋን ቆርጬ ለአደጋ ያጋለጥኩሽ እኔ፣ ስትነግሪኝም እብድ ያደረግኩሽ እኔ።»

ባለቤታቸው በባዶ እግራቸው ኩሬውን ተሻግረው መጡ። እጃቸውን ከባላቸው እጅ አጠገብ በሩ ላይ አሳረፉ። ጠበቁ።

«ዝም አለ» አሉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ገቡና በመስኮቱ ራሳቸውን አወጡ። «ሐሙስ ነው ያልከው?»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። ጋሼ ተሳቢ ምክር ቀድሞ ስለደረሰላቸው ዕድለኛ ናቸው፤ ሊመክራቸው ተዘጋጅቶ የነበረው መከራ በዚያ በር ላይ ቆሞ ነበርና። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰፈራችን ሦስት ቤቶች የተቆረጠ ስፒናቸውን ጥለዋል፣ ባለሱቁ ኩሬ ላይ የሚዘረጋ ገመድ ለሚፈልግ መጀመሪያ ትምህርት ይሰጣል። እኔም አምፖሌን ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቼ፣ ደረቅ ጫማ አድርጌ ቀየርኩ፤ ጸሎቱን ወደ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ከሁሉ የሚበልጠውን ጥቅም ግን ያወቅሁት ጋሼ ተሳቢ ከሐይቁ ዳር ስልክ ሲደውሉልኝ ነው።

ሐሙስ ዕለት ስንሸኛቸው ልጅቷ ቴስተሯን የሰጠችው ለባልየው ሳይሆን ለባለቤታቸው ነበር። ሐይቁ ዳር ባደሩበት ግቢ ዘበኛው ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት አምጥቶ «ይህችን እግር ትንሽ ቁረጡልኝ፣ ይገባል» ቢላቸው፣ ጋሼ ተሳቢ ስለ ስኮርታ ጎማ ሩብ ሰዓት አስተምረውት ባለ ሦስት አስመጥተዋል።

«ሐይቁን ወደዱት?» አልኳቸው።

«ሐይቁን ‹አንተ ካልከው ያንሳል› አለችኝ፤ አመንኳት» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም «አሁን ልዝጋ መምህር፤ ውጭ ቆሜ ነው። ገመዱን ሰክቼ እሷ በሩን እየፈተሸች ነው፤ ‹ደኅና ነው› ሳትለኝ አልገባም» አሉኝ።